ጅራቷ ፍሬቻ ነው

ወረታ መገንጠያው ላይ ቆመህ ታውቃለህ?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር ከሚታጠፈው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ባጃጁ፣ አይሱዙው፣ ጋሪው፣ እግረኛው ይተራመሳል። ግን ይተላለፋል። ለምን? ሾፌሩ ከፊቱ ያለውን ፍሬቻ ስለሚያይ ነዋ!

ቤትህ ያለችው ድመትስ? እሷም ፍሬቻ አላት። ቀኑን ሙሉ ታበራልሃለች። አንተ ነህ የማታየው። ዛሬ ማየት ትጀምራለህ!

እኔም አላይም ነበር። በታኅሣሥ አንድ ቀን ከሰዓት ወረታ አክስቴ ቤት ነበርኩ። ሩዙ ከአውድማ ገብቶ በጆንያ በጆንያ ተደርድሯል። ከላይ አንዲት ዥጉርጉር ድመት ተጋድማለች። "ውሮ፣ ውሮ" እያልኩ ጀርባዋን መደባበስ ጀመርኩ። አልተነሳችም። የወደደችው መሰለኝ። የጅራቷ ጫፍ ጆንያውን መታ መታ አደረገ። ቀጠልኩ። ጆሮዎቿ ወደ ጎን ዞሩ። ቀጠልኩ። የጀርባዋ ቆዳ ነፋስ እንደነካው ውኃ ተርገበገበ። አሁንም ቀጠልኩ። ከዚያ እጄ ላይ አራት ቀጫጭን ቀይ መስመሮች!

"ድንገት ቧጠጠችኝ!" ብዬ ጮኽኩ።

አክስቴ ሳሙናና ውኃ ይዘው መጡ። "ምኑ ነው ድንገት? ሦስት ጊዜ ተው አለችህ እኮ ልጄ" አሉኝ።

ሳሙናው ለወጉ አልነበረም። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛል። ከነከሰችህ ወይም ከቧጠጠችህ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠበው። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂድ። እኔም ሄጃለሁ።

ግን ያቺ የአክስቴ ቃል ከጭረቱ ይልቅ ቆየችብኝ። ሦስት ጊዜ! ጅራት፣ ጆሮ፣ ቆዳ። ተናግራለች፤ አልሰማሁም። ስንቶቻችን ነን "ድመት ከሃዲ ናት" እያልን ስሟን የምናጠፋው?

"ድንገት" የምትለውን ቃል ከዛሬ ጀምሮ ጣላት!

"እኔ ለዚህ ተሰጥኦ የለኝም" ትላለህ? ተሳስተሃል። የፎገራን ከብት ያገደ እረኛ ጠይቅ። ኮርማው አንገቱን ደፋ አድርጎ መሬቱን በእግሩ ሲጭር፣ ገና ሳይንደረደር ያውቅበታል። ማን አስተማረው? ማንም። ቀን በቀን አየ፤ ገባው። ፎከስ ማለት ይኸው ነው። እሱ ከቻለ አንተ ምን ያንስሃል?

ከጅራቷ ጀምር። ቀጥ አድርጋ አቁማው ወደ አንተ ከመጣች ሰላምታ ነው። ጫፉ እንደ ከዘራ እጀታ ቆልመም ካለ ደግሞ በጣም ተመችቷታል። ግራና ቀኝ ብታወናጭፈውስ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውሻ ጅራቱን ሲቆላ አይቶ ድመቷም ደስ ያላት ይመስለዋል። የለም! ተረብሻለች ወይም ተናድዳለች። እጅህን ሰብስብ። ጅራቷ እንደ ተነደፈ ጥጥ ካበጠና ጀርባዋ ከጎበጠ ፈርታለች። መንገድ ልቀቅላት።

ጆሮዋ ከራሷ ጋር ተለጥፎ ከተኛም ራቅ በል። በጀርባዋ ተንጋልላ ሆዷን ካሳየችህ አምናሃለች፤ ንካኝ አላለችህም። ይህን ስንቱ በጥፍር ተምሮታል! ከጉሮሮዋ የሚወጣው እርርርር የሚል ድምፅም ሁልጊዜ የደስታ አይደለም። ስትታመምም፣ ስትጎዳም ታሰማዋለች። ድሮ የምትወደውን ዳበሳ አሁን ከጠላች፣ የሚያማት ነገር ሊኖር ይችላልና የእንስሳት ሐኪም ይያት።

ዓይኗስ? ይኼን እኔ በጣም የምወደው ነው። አፍጥጦ ማየት ለድመት ጠብ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተካፈሉበት ጥናት፣ ሰው ዓይኑን በዝግታ ጨፈን ገለጥ ሲያደርግላቸው ድመቶች መልሰው ዓይናቸውን ማጥበብ አዘወተሩ። ወደማያውቁት ሰው እንኳ ይበልጥ ቀረቡ። ገንዘብ አይጠይቅም። ሥልጠና አይጠይቅም። ሞክረው!

"ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ" ይላሉ አባቶቻችን። እሰይ! አመሏ ካልተቀየረ ቋንቋዋም አይቀየርም፤ አንዴ ከተማርከው የዕድሜ ልክ ነው። መቀየር ያለበት የአንተ እጅ ነው። ያ ደግሞ ውሳኔ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ለምን ትደክምላታለህ? ሥራዋን እይ። ሩዝ ወረታ ባለችበት ፎገራ ሜዳ ላይ የተስፋፋው ከ1970ዎቹ ጀምሮ ነው። በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተጀመረ፤ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ እስከ ዛሬ ያን ስም ይዟል። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሉም ወረታ ነው። ሩዝ ካለ አይጥ አለ። አይጥ ካለ እሷ አለች። የዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ በመካከለኛው ምሥራቅ የሆነውም ይኸው ነበር፦ ገበሬው እህል አከማቸ፣ አይጥ መጣ፣ አይጡን ተከትላ የዱር ድመት መጣች። ማንም በገመድ ጎትቶ አላመጣትም። ራሷ ወስና መጣች፤ ተመችቷት ቀረች።

ስለዚህ ጎተራው ሥር የአይጥ መርዝ አትበትን! መርዙን የበላች አይጥ ድመትህንም ልትገድል ትችላለች። አይጡን ለእሷ ተውላት።

አክስቴ ቤት በቆየሁባቸው ቀሪ ቀናት እጄን ወደ እሷ አልሰደድኩም። ጆንያው አጠገብ ቁጭ እላለሁ፣ ዓይኔን በዝግታ ጨፈን ገለጥ አደርጋለሁ፣ ዝም። በአራተኛው ቀን ጅራቷን አቁማ መጣችና ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ አሸችው።

ዛሬ ማታ ስልክህን አስቀምጥ። አምስት ደቂቃ ብቻ ወለሉ ላይ ቁጭ በል። አትጥራት፣ አትንካት። ጅራቷን ተመልከት።