ከሞተሩ እስከ ጐማው፦ ስለ ትንሿ የኤሌክትሪክ መኪናችን የኋላ ዘንግ

በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የማያወራ ተማሪ የለም። ወሬው ሁሉ ስለ ባትሪ ነው። እኔና አምስት የክፍል ጓደኞቼ ጎ ካርት የምትባለውን ዝቅተኛ መኪና ስንሠራ ያከራከረን ከሞተሩ እስከ ጐማው ያለው ክፍል ስለ ሆነ፥ ስለዚሁ ጥቂት ለመግለጽ አስቤአለሁ።

ጎ ካርትን መጀመሪያ የሠራው አርት ኢንግልስ የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1956 ነበር። የእርሱ በቤንዚን ትሄድ ነበር። የእኛ ሞተር በ48 ቮልት የሚሠራ፥ 1000 ዋት ያለውና በደቂቃ 3000 ጊዜ የሚዞር ነው። የገዛነውም ለስድስት አዋጥተን በመሆኑ፥ ቢቃጠል ሁለተኛ የሚገዛ አልነበረም።

አሁን አንባቢ እርሳስ ያንሣ። ጐማችን ከዳር እስከ ዳር 28 ሴንቲሜትር ስለ ሆነ፥ አንድ ጊዜ ሲዞር 88 ሴንቲሜትር ያህል ይሄዳል። ሞተሩ ጐማውን በቀጥታ ቢያዞር በሰዓት 158 ኪሎ ሜትር ልንሮጥ ነው! ይህ በወረቀት ላይ ነው እንጂ፥ የሞተሩ የመጠምዘዝ ኀይል 3.2 ኒውተን ሜትር ብቻ በመሆኑ ጐማው መሬቱን የሚገፋው በ23 ኒውተን ነው፤ ይኸውም ሁለት ኪሎ ተኩል የማይሞላ ዕቃ እንደ ማንሣት ነው። ስለዚህ ፍጥነቱን ቀንሶ ኀይሉን ማብዛት ያስፈልጋል። ለዚህም በሞተሩ ላይ ባለ 11 ጥርስ፥ በዘንጉ ላይ ደግሞ ብዙ ጥርስ ያለው ክብ ብረት አድርጎ በካቴና ማገናኘት ነው።

ስንት ጥርስ? ክርክሩ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። ሦስቱ ጓደኞቼ፥ «33 ይበቃል፤ በሰዓት 53 ኪሎ ሜትር እንሮጣለን» አሉ። እኔ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ሰንደቅ ዓላማው ያለውን ዳገት አሰብሁ። ስንለካው በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ ይላል። መኪናዋ ከነነጂዋ 120 ኪሎ ስለምትመዝን፥ ዳገቱን ለመውጣት 94፥ የጐማውን መጐተት ለማሸነፍ ወደ 24፥ በድምሩ 118 ኒውተን ያስፈልጋታል። በ33 ጥርስ የሚገኘው 68 ነው። ከዐቅሙ በላይ የተጠየቀ ሞተር ዝግ እያለ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ይግላል፤ በመጨረሻም ሽቦው ይቃጠላል። በ66 ጥርስ 136 ኒውተን ይገኛል፤ ፍጥነቱም 26 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በግቢ ውስጥ ከዚህ በላይ መሮጥ ለማን ይጠቅማል? ቁጥሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከተጻፈ በኋላ የተከራከረ የለም። መኪናዋም ዳገቱን ወጣች፤ ሞተሩን በእጄ ስዳስሰው ለብ ብሎ ነበር።

የቢስክሌት ካቴና በርካሽ ይገኛል፤ ነገር ግን ከጥርስ እስከ ጥርስ 12.7 ሚሊሜትር ስለሚፈልግ ባለ 66 ጥርሱ ወደ 27 ሴንቲሜትር ይሰፋል። ጐማው 28 ነውና ከመሬት የሚቀረው ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ አንድ ጠጠር ይበቃዋል። ስለዚህ ባለ 8 ሚሊሜትሩን ካቴና መረጥን፤ ጥርሱም 17 ሴንቲሜትር ብቻ ሆነ።

ዘንጉ 25 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፥ ቶርኖ ቤት የተስተካከለ ብረት ነው። ጥርሱ በባዶ እንዳይሾር በመካከላቸው አራት ማዕዘን የብረት ሽብልቅ ገብቷል፤ የተበየደ ጥርስ ሲያልቅ ከነዘንጉ ይጣላልና ብየዳውን አልወደድሁትም። ኩሽኔታዎቹን ወደ ጐማዎቹ አስጠጋን።

ከሁሉ ይልቅ የደነቀኝ መታጠፊያው ነው። በኋላ ጐማዎቹ መካከል 80 ሴንቲሜትር አለ። መኪናዋ አንድ ሙሉ ዙር ስትዞር የውጪው ጐማ ከውስጠኛው 5 ሜትር ያህል አብልጦ ይሄዳል፤ ዙሩ ጠባብ ቢሆን ወይም እንደ ስታዲዮም ቢሰፋ ልዩነቱ ያው ነው! 2 ጊዜ 3.14 ጊዜ 0.8 ብሎ ማየት ይቻላል። እንግዲህ ሁለቱ ጐማዎች በአንድ ዘንግ ላይ ከታሰሩ አንዱ መንሸራተቱ ግድ ነው። የውድድር ካርቶች ሲታጠፉ የውስጡን የኋላ ጐማ ከመሬት ብድግ በማድረግ ያመልጣሉ፤ ትልልቆቹ መኪናዎች ዲፈረንሻል አላቸው። እኛ ግራውን ጐማ ከዘንጉ ጋር አሰርን፤ ቀኙን በራሱ ኩሽኔታ ላይ በነፃ እንዲዞር ተውነው።

ይህ ሌላ ጣጣ አለው። ፍሬኑን በዘንጉ ላይ ብቻ ያደረገ ሰው የሚይዘው ግራውን ጐማ ብቻ ስለ ሆነ፥ መኪናዋ ወደ ግራ ትጐትታለች፤ በዚያ ዳገት ቁልቁል ሲመጡ ይህ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ለቀኙ ጐማ ሁለተኛ ፍሬን አበጅተን፥ አንዱ ከሌላው ቀድሞ እንዳይዝ ሁለቱን የፍሬን ሽቦዎች በመካከሉ በሚወዛወዝ አንድ ብረት ከፔዳሉ ጋር አያያዝናቸው።