የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚያስከትለው ጉዳትና ከጉዳቱ የሚዳንበት መንገድ

መድኃኒት የሚባለው ነገር ሁሉ ከሚሰጠው ጥቅም ጋራ የሚያስከትለው አንዳንድ ችግር ሳይኖረው አይቀርም። በዚህ ወር ትምህርታችን የምንገልጸው፥ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ለሚሰሙ፥ መሠረት የሌለው ጥርጣሬ ለሚያስጨንቃቸው፥ ንግግራቸውና አኗኗራቸው ለተዘበራረቀባቸው ሕሙማን ስለሚሰጠው መድኃኒትና መድኃኒቱ በሰውነት ላይ ስለሚያመጣው የጎንዮሽ ጉዳት ነው። ይህን ጉዳይ የመረጥንበት ምክንያት አለን። ብዙ ሰዎች መድኃኒታቸውን የሚያቋርጡት ሕክምናን ጠልተው ሳይሆን፥ አንገታቸው ሲጣመም፥ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ፥ እንቅልፍ ሲጥላቸው የሚነግራቸውና የሚረዳቸው ሰው አጥተው ነው። መድኃኒቱ በተቋረጠ ጊዜም ሕመሙ ይመለሳል፤ ትዳር ይፈርሳል፤ ትምህርት ይቋረጣል፤ አንዳንዱም በሰንሰለት ይታሰራል። ስለዚህ በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ፥ በወግዲ፥ በከላላ፥ በሳይንትና በለጋምቦ የምትኖሩ መምህራንና ፊደል የቆጠራችሁ የከተማ ነዋሪዎች ይህን ትምህርት አንብባችሁ ላላነበቡት እንድታስረዱ እናሳስባለን።

መድኃኒቱ ምንድን ነው?

ለዚህ ሕመም የመጀመሪያው እውነተኛ መድኃኒት ክሎርፕሮማዚን ነው። ሁለት ፈረንሳውያን ሐኪሞች፥ ዣን ደሌና ፒየር ደኒኬር፥ በ1952 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ከተማ ለአእምሮ ሕሙማን ሰጥተው ፍሬውን ለዓለም ገለጡ። በ1958 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሃሎፔሪዶል የሚባለው በቤልጅግ አገር ተገኘ። ከዚያም በኋላ ፍሉፌናዚን፥ ሪስፐሪዶን፥ ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን ተከትለው በሥራ ላይ ዋሉ። አንዳንዱ በየቀኑ የሚዋጥ እንክብል ሲሆን፥ አንዳንዱ በዘይት ተበጥብጦ በየጥቂት ሳምንቱ በጡንቻ ውስጥ የሚወጋ መርፌ ነው።

በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ለረጅም ዘመን ተሰብስቦ ይገኝ የነበረው በአዲስ አበባው በአማኑኤል ሆስፒታል ነበር። ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች እየሠለጠኑ ወደ ክፍላተ ሀገር ሆስፒታሎች ተላኩ፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ተጀመረ። ስለዚህ ዛሬ ከወሎ ደጋ የሚነሣ ሕመምተኛ ሕክምና ለማግኘት የግድ እስከ አዲስ አበባ መጓዝ የለበትም፤ በደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ።

ጉዳቱ ከወዴት ይመጣል?

በአንጎል ውስጥ ከአንዱ ሕዋስ ወደ ሌላው መልእክት የሚያደርሱ ንጥረ ነገሮች አሉ። ከእነርሱ አንዱ ዶፓሚን ይባላል። መድኃኒቶቹ የዶፓሚንን ሥራ በመግታት የሐሰት ድምፁንና ጥርጣሬውን ያበርዳሉ። ነገር ግን ይኸው ዶፓሚን የእጅና የእግርን እንቅስቃሴ በሚያስተካክለው በሌላው የአንጎል ክፍልም ይሠራል። መድኃኒቱ ሁለቱን ቦታዎች ለይቶ ስለማያውቅ፥ አእምሮን ሲያረጋጋ ጡንቻን ሊያስር ይችላል። እንግዲህ ጉዳቱ የእርግማን፥ የዓይነ ጥላ ወይም የጋኔን ሥራ ሳይሆን መንሥኤው የታወቀ፥ መፍትሔም ያለው ነገር መሆኑን መገንዘብ ይገባል።

በጊዜ ቅደም ተከተል የሚታዩ ምልክቶች

1ኛ/ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታይ የጡንቻ መኮማተር። አንድ ወጣት ተማሪ የሃሎፔሪዶል መድኃኒት ተሰጠው እንበል። በሦስተኛው ቀን አንገቱ ወደ አንድ ወገን ይጣመማል፤ ዓይኑ ወደ ላይ ይሰቀላል፤ ምላሱ ይተሳሰራል፤ መንጋጋው ይገጥማል። ቤተ ሰቡ ይህን ሲያይ «ያደረበት ነገር ባሰበት» ብሎ ይደነግጣል፤ መድኃኒቱንም ይጥላል። ነገሩ ግን ከመድኃኒቱ የመጣ መኮማተር ነው፤ በወጣት ወንዶች ላይ ይበልጥ ይታያል። ወደ ሕክምና ቤት በፍጥነት ቢወሰድና ተገቢው መርፌ ቢሰጠው አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይለቀዋል። መተንፈስ ወይም መዋጥ የሚከለክል ከሆነ ግን አንድ ደቂቃ እንኳ ማባከን አይገባም።

2ኛ/ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ የሚመጣ ዕረፍት ማጣት። ሕመምተኛው መቀመጥ ያቅተዋል፤ ይነሣል፥ ይመላለሳል፥ እግሩን ይቀያይራል። ውስጡ እንደሚቃጠልና እንደሚጨነቅ ይናገራል። አስታማሚው ሕመሙ የተነሣበት መስሎት መድኃኒቱ እንዲጨመርለት ሊጠይቅ ይችላል፤ መድኃኒቱ በተጨመረ ቁጥር ግን ጭንቀቱ ይብሳል። ይህ ጭንቀት አንዳንዱን ሰው ራሱን እስከ መጉዳት ያደርሰዋልና በቀላሉ አይታይም። ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል፥ መድኃኒቱን ይለውጣል፥ ወይም ፕሮፕራኖሎል የሚባለውን ያዝዛል፤ የአስም ሕመም ያለበት ሰው ግን ፕሮፕራኖሎል መውሰድ ስለማይገባው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።

3ኛ/ በሳምንታት ውስጥ የሚታይ የሰውነት መድረቅና መንቀጥቀጥ። እጅ ይንቀጠቀጣል፤ እርምጃ ያጥራል፤ ፊት ስሜት እንደሌለው ይሆናል፤ ምራቅ ይዝረበረባል። ሰውየው «ፈዘዘ፥ ደነዘዘ» ይባላል። ለዚህም የመጀመሪያው መፍትሔ በሐኪም ትእዛዝ መጠኑን መቀነስ ነው። አስፈላጊ ሲሆን «አርቴን» በሚል ስም የሚታወቀው ትራይሄክሲፌኒዲል ይጨመራል። ይህ መድኃኒት ራሱ አፍ ያደርቃል፥ ዓይን ያደበዝዛል፥ ሽንት ይይዛል፤ የሽማግሌዎችን አእምሮም ሊያዘበራርቅ ስለሚችል ካለ ሐኪም ፈቃድ አይወሰድም፥ ለሌላም ሰው አይሰጥም።

4ኛ/ ከወራትና ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ያለ ፈቃድ መንቀሳቀስ። ከንፈርና ምላስ እንደሚያኝክ ሰው ይንቀሳቀሳሉ፤ ጣቶች ይወራጫሉ። ይህ ጉዳት መድኃኒቱ ቢቆምም ላይለቅ ስለሚችል ገና ሲጀምር መለየት ይበጃል። አርቴን ይህን አያሽለውም፥ እንዲያውም ሊያብሰው ይችላል። ሐኪሙ መድኃኒቱን ወደ ሌላ ዓይነት ሊለውጠው ይችላል። ለዚሁ ጉዳት የሚሰጡ ሁለት አዳዲስ መድኃኒቶች በ2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተፈቅደዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሰጋው ግን፥ በጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ የሚደርስ ቢሆንም፥ ብርቱ ትኩሳት፥ እንደ እንጨት የደረቀ ሰውነት፥ ብዙ ላብና የአእምሮ መደናገር በአንድነት ሲታዩ ነው። ይህ ሞት የሚያስከትል አደጋ ስለሆነ ቀጣዩ መድኃኒት ሳይሰጥ ሕመምተኛው በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። እንዲሁም ክሎዛፒን የሚወስድ ሰው ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ቢሰማው ደሙ ሳይዘገይ መመርመር አለበት።

በአፍረት ስለሚደበቁ ችግሮች

ከመድኃኒቶቹ አንዳንዶቹ የሴትን የወር አበባ ያስቀራሉ፥ ሳትወልድም ከጡቷ ወተት ያወጣሉ። ይህን የማያውቅ ቤተ ሰብ እርግዝና ነው ብሎ ሊጠረጥርና ጠብ ሊያነሣ ይችላል። ወንዱንም የመኝታ ኀይል ያሳጡታል፤ እርሱም ምክንያቱን ለሚስቱ ሳይገልጥ መድኃኒቱን በስውር ይተዋል። ሐኪም ዘንድ እንዲህ ያለውን መናገር ነውር አይደለም፤ ካልተነገረ ግን ሊታረም አይችልም። ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን በተለይ ውፍረትና የስኳር በሽታ ሊያመጡ ስለሚችሉ ክብደትን በየጊዜው መመዘንና የደምን ስኳር ማስመርመር ይገባል።

በደጋና በቆላ ስለሚደረግ ጥንቃቄ

አገራችን ቦረና በደጋ ላይ ተቀምጣ ወደ ዓባይ ሸለቆ የምትወርድ ናት። ስለዚህ ለሁለቱም አየር ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ክሎርፕሮማዚን የሚወስድ ሰው ቆዳው በፀሐይ ቶሎ ይቃጠላል፤ የደጋው ፀሐይም ብርዱ ስለሚሸፍነው ሳይታወቅ ይፈጃል። ባርኔጣ፥ ጥላ ወይም ነጠላ ራስን ለመከለል ይበቃል። ወደ ቆላ ለአጨዳ ወይም ለገበያ የሚወርድ ደግሞ መድኃኒቱ የሰውነትን ሙቀት የማስተካከል ኀይል ስለሚቀንስበት በቂ ውኃ ይያዝ፤ በቀትር ይረፍ።

መድኃኒቱ የደም ግፊትን ሊያወርድ ስለሚችል ከመኝታ ድንገት መነሣት ያዞራል፥ ይጥላልም። በመጀመሪያ ቁጭ ብሎ፥ ትንሽ ቆይቶ፥ ከዚያም መቆም ልማድ ይሁን፤ ይልቁንም ሌሊት ወደ መጸዳጃ ሲወጣ። እንቅልፍ የሚጫነው ሰው በገደል አፋፍ ከብት ከመጠበቅና መኪና ከመንዳት ይከልከል፤ መድኃኒቱም ወደ ማታ እንዲዛወርለት ሐኪሙን ይጠይቅ። ለሆድ ድርቀት ውኃ፥ ጎመን፥ ቆሎና የገብስ እንጀራ፥ እንዲሁም በየቀኑ በእግር መሄድ ይረዳሉ። ለአፍ መድረቅ ውኃ ቶሎ ቶሎ መጎንጨትና ጥርስን በመፋቂያ ማጽዳት መልካም ነው።

ስለ ምግብና ስለ ጾም

በቡታጅራ አካባቢ የተደረገና በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፥ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከሚያቋርጡባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ የምግብ እጦት መሆኑን ገልጧል። መድኃኒቱ ረኀብን ያበረታል፤ ምግብ በሌለበት ቤት ግን ይህ ራሱ መከራ ነው። ስለዚህ ዕድርና ጎረቤት ሕመምተኛ ያለበትን ቤት በእህል ቢረዱ የሕክምናውን ግማሽ ሠሩ ማለት ነው።

ጾምን በሚመለከት፥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም መድኃኒቱን በጾም ምክንያት በገዛ እጁ አያቋርጥ። በብዙ ሕሙማን ዘንድ የቀኑ መጠን በማታ አንድ ጊዜ ሊሰጥ ስለሚችል፥ ከጾሙ በፊት ከሐኪሙ ጋራ ሰዓቱን መስማማት ይበቃል። ጫት ግን የመድኃኒቱን ሥራ የሚቃወም ስለሆነ፥ አረቄም እንቅልፉንና መፍዘዙን ስለሚያብስ፥ ሁለቱም ሊርቁ ይገባል።

ስለ ጠበልና ስለ ሰንሰለት

ሕመምተኛው ወደ ጠበል ወይም ወደ ዱዓ መሄድ ቢፈልግ አንከለክልም። የምንለምነው ነገር ቢኖር መድኃኒቱን ይዞ እንዲሄድና የሚያስታምመው ሰው በሰዓቱ እንዲሰጠው ነው። አንገቱ የተጣመመውን ወይም መቀመጥ ያቃተውን ሰው በሰንሰለት ማሰር ግን መድኃኒት ባመጣው ሥቃይ ላይ ሌላ ሥቃይ መጨመር ነው። የሰንሰለት ቁስል ይመረቅዛል፤ የታሰረ ሰውም ከትኩሳት አደጋ ራሱን ሊያድን አይችልም።

በድንገት ስለ ማቋረጥ

ጉዳቱ የበዛበት ሰው ሁሉንም በአንድ ቀን መጣል ይመኛል። ይህ አይበጅም። በድንገት ሲቋረጥ እንቅልፍ ይጠፋል፥ ማቅለሽለሽ ይመጣል፥ ሕመሙም ተመልሶ ሊነሣ ይችላል። የሕመሙ ምልክት ከጠፋ በኋላ እንኳ መድኃኒቱ ቢያንስ ለ12 ወራት እንዲቀጥል ይመከራል፤ መቀነሱም ቀስ በቀስ በሐኪም ዓይን ሥር ይሁን። በመርፌ የተሰጠው መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆይ፥ ከእርሱ የሚመጣውም ጉዳት በአንድ ቀን አይለቅም፤ ስለዚህ ትዕግሥት ያስፈልጋል።

የመምህራን ተግባር

በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ፥ እጁ ተንቀጥቅጦ ጽሑፉ የሚበላሽ፥ ሰሌዳው የሚደበዝዝበት፥ ወይም መቀመጥ የማይሆንለት ተማሪ ቢኖር ሰነፍ ነው ብሎ ከመቅጣት በፊት መድኃኒት እንደሚወስድ በምስጢር መጠየቅ ይገባል። ከፊት ይቀመጥ፤ ውኃ ይጠጣ፤ ሲጨንቀው ወጥቶ ይመለስ፤ ለፈተና ጊዜ ይጨመርለት። ጓደኞቹም ቅጽል ስም እንዳያወጡለት ይምከሩ። ማንበብ ለማይችል ቤተ ሰብ ደግሞ በአንድ ደብተር የመድኃኒቱን ስም፥ መጠኑን፥ የተሰጠበትን ቀንና የታየውን ችግር መዝግባችሁ ብትሰጡ፥ ያ ደብተር በሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ከብዙ ቃል ይበልጣል። ዐሥር ቀን ያህል የተጻፈ መዝገብ የትኛው የሕመሙ፥ የትኛው የመድኃኒቱ መሆኑን ለመለየት ያስችላልና።

ለመከለስ የሚረዱ ጥያቄዎች

1. የአእምሮ ሕመም መድኃኒት እንቅስቃሴን የሚያውከው በምን ምክንያት ነው?
2. መቀመጥ ላቃተው ሕመምተኛ መድኃኒት ከመጨመር በፊት ምን መመርመር ይገባል?
3. ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል የሚያስወስዱት ምልክቶች የትኞቹ ናቸው?
4. ወደ ዓባይ ቆላ የሚወርድ ሕመምተኛ ምን ጥንቃቄ ያደርጋል?
5. በሠፈራችሁ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ቢኖር የእናንተ ድርሻ ምንድን ነው?

ከመድኃኒት የመጣ ጉዳት በጊዜ ከተነገረ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል ወይም ይቀንሳል። ሕመምተኛው ዝም ሲል ግን ሁለት በሽታ ይሸከማል። እንግዲህ የሚናገር ሕመምተኛ፥ የሚያዳምጥ ቤተ ሰብና የሚመዘግብ ጎረቤት በየቤቱ እንዲገኙ እያሳሰብን የዚህን ወር ትምህርት በዚሁ እንፈጽማለን።