ማንም ያላነበበው መጽሐፍ

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም



ባለፈው ሴሚስተር በጀመዓችን ግሩፕ ላይ አንድ ጽሑፍ ተለጥፎ ነበር። ምዕራባውያን ለመቶ ዓመት ሊፈቱት ያልቻሉት ምስጢራዊ መጽሐፍ የአንድ ሙስሊም ሊቅ ሥራ ሆኖ ተገኘ ይላል። ሥዕሎቹ ያምራሉ፣ ፊደሉ ደግሞ ለዓይን አዲስ ነው። ከሥሩ ማሻአላህና አላሁ አክበር ተደረደረ። እኛ የዚህ ጋዜጣ አዘጋጆችም ሳንመረምር አጋራነው። በሁለተኛው ቀን አንዲት እህት አንድ አጭር ጥያቄ ጻፈች፦ «ማን አነበበው?» መልስ ፍለጋ ብዙ ደከምን። ያነበበው ሰው የለም። ጽሑፉን አነሳነው፤ ይቅርታም ጠየቅን። የዛሬው ደርሳችን የተወለደው ከዚያች እህት ጥያቄ ነው።

መጽሐፉ የቮይኒች ጽሑፍ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ በየል ዩኒቨርሲቲ፣ በባይነኪ የብርቅዬ መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ መለያ ቁጥሩ 408 ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1912 ጣልያን ውስጥ ሮም አጠገብ ከጀስዊት ካህናት ከገዛው ፖላንዳዊ የመጻሕፍት ነጋዴ ከዊልፍሪድ ቮይኒች ነው። ወደ 240 ገጽ የሚጠጋ ብራና ሲሆን መጠኑ ከተለመደው ደብተራችን ብዙም አይበልጥም። የመጀመሪያው ክፍል በዕፅዋት ሥዕል የተሞላ ነው፤ ሥሩ ከአንዱ፣ ቅጠሉ ከሌላው፣ አበባው ከሦስተኛው ተክል የተወሰደ የሚመስል ዕፅ ይበዛበታል። ቀጥሎ ከዋክብትና ቡሩጆች፣ ከዚያ በአረንጓዴ ውሃ ገንዳ ውስጥ የሚታጠቡ ሴቶች፣ ከዚያም የመድኃኒት ብልቃጥ የሚመስሉ ዕቃዎች ይመጣሉ። በሥዕሎቹ ዙሪያ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ፣ የተረጋጋ፣ ስርዝ ድልዝ የማይታይበት ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው የሚጽፈውን የሚያውቅ ይመስላል። ፊደሉ ግን በዓለም ላይ በሌላ በየትኛውም መጽሐፍ አልተገኘም።

ዕድሜው ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ብራናው በካርቦን ተመርምሮ ከ1404 እስከ 1438 ባለው ጊዜ የተዘጋጀ መሆኑ ተረጋገጠ። ስለዚህ የዘመናችን ሰው የፈጠረው ማታለያ ነው የሚለው ወሬ በብራናው ፊት አይቆምም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፕራግ ይኖር የነበረው ዮሐንስ ማርከስ ማርሲ መጽሐፉን ሮም ለነበረው አታናሲየስ ኪርሸር ሲልክ አብሮ የላከው ደብዳቤም አለ። ንጉሠ ነገሥት ሩዶልፍ 2ኛ በ600 የወርቅ ዱካት ገዝቶት እንደነበር ሰምቻለሁ ይላል። ኪርሸር የተመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። የጥንት ግብጾችን ሥዕላዊ ጽሑፍ ፈታሁ ብሎ ወፍራም ወፍራም መጻሕፍት የጻፈ ስመ ጥር ሰው ነበር። ሻምፖልዮን እ.ኤ.አ. በ1822 እውነተኛውን ፍቺ ይዞ ሲመጣ ግን የኪርሸር ንባብ ከሞላ ጎደል ምናብ ሆኖ ተገኘ።

ከሁሉ በላይ ቆም ብለን ልናየው የሚገባን ሰው ዊልያም ኒውቦልድ ነው። በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና ፕሮፌሰር የነበረ፣ የተከበረ ምሁር ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 መጽሐፉን እንደፈታው አሳወቀ። ደራሲው በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው እንግሊዛዊው ሮጀር ቤከን ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል በማጉያ መነጽር ሲታይ ከጥቃቅን ጭረቶች የተሠራ ነው፤ ምስጢሩም በጭረቶቹ ውስጥ ነው አለ። በዚህ መንገድ ቤከን ቴሌስኮፕ ከመፈልሰፉ በፊት የአንድሮሜዳን ጋላክሲ አይቶ እንደነበር «አነበበ»። ብዙ ሊቃውንት ተደነቁ። ኒውቦልድ በ1926 ከሞተ በኋላ፣ በ1931፣ ወዳጁ የነበረው ጆን ማንሊ እውነቱን ጻፈ፦ ጭረቶቹ ፊደል አይደሉም፤ ቀለሙ በሻካራው ብራና ላይ ሲደርቅ የተሰነጠቀበት ነው።

ኒውቦልድ ዋሾ አልነበረም። በቅንነት ያምን ነበር። ይህ ነው የሚያስፈራው። የሚፈልገውን መልስ አስቀድሞ በልቡ ያስቀመጠ ሰው በደረቀ ቀለም ስንጥቅ ውስጥም ያገኘዋል። እኛም በግሩፓችን ያደረግነው ያንኑ ነው። መጽሐፉ የሙስሊም እንዲሆን ፈለግን፤ ሆነልን። ከኒውቦልድ ወዲህ ላቲን ነው፣ ዕብራይስጥ ነው፣ ቱርክኛ ነው ያሉ ተነስተዋል። ሁሉም ጥቂት ቃላት ያነባሉ፤ አንድ ሙሉ ገጽ ሌላው ሰው በዚያው ስልት ሲሞክረው የሚወጣለት ፍቺ ያቀረበ ግን የለም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ኢስራእ 36ኛ አንቀጽ ዕውቀት የሌለንን ነገር እንዳንከተል ከልክሎ ጆሮ፣ ዓይንና ልብ ስለዚህ እንደሚጠየቁ አሳውቆናል። ይህን አንቀጽ ብዙውን ጊዜ ለሐሜት እንጠቅሰዋለን። ለምናጋራው ጽሑፍም እንደሚሠራ ያን ሳምንት ገባን።

ደግሞስ የሌላውን ለራሳችን ማድረግ ምን አስፈለገን? በዚሁ ጉዳይ ሙስሊሞች የሠሩት የተረጋገጠ ሥራ አለ። የመጀመሪያውን የዐረብኛ መዝገበ ቃላት ኪታቡል ዐይንን የጀመሩት የበስራው ሊቅ አል-ኸሊል ኢብኑ አሕመድ (በ170 ዓመተ ሂጅራ ገደማ ያረፉ) አንድ በግሪክኛ የተጻፈ ደብዳቤ ቀርቦላቸው ለአንድ ወር ያህል ተቀምጠው እንደፈቱት ይተረካል። ዘዴያቸውን ሲጠየቁ፣ ደብዳቤው በአላህ ስም ወይም ያን በመሰለ ቃል መጀመር አለበት ብለው ገምተው የመጀመሪያዎቹን ፊደሎች በዚያ ላይ እንደመሠረቱ ተናግረዋል ይባላል። የዛሬ የምስጢር ጽሑፍ ባለሙያዎችም የሚታወቅ ሐረግ ገምቶ መነሳትን እንደ ዋና መሣሪያ ይጠቀሙበታል።

ከእርሳቸው በኋላ በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው አል-ኪንዲ መጣ። ምስጢራዊ ጽሑፎችን ስለመፍታት የጻፈው ሪሳላ ለብዙ ዘመን ጠፍቶ ቆይቶ ኢስታንቡል በሱለይማንያ ቤተ መጻሕፍት ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ደማስቆ ላይ ታተመ። ሐሳቡ ለተማሪ ግልጽ ነው። ምስጢሩ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ ካወቅህ፣ በዚያ ቋንቋ የተጻፈ ረዘም ያለ ሌላ ጽሑፍ ወስደህ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ትቆጥራለህ። የምስጢሩንም ምልክቶች እንዲሁ ትቆጥራለህ። ከዚህ በብዛት አንደኛ የወጣውን ከዚያ አንደኛ ከወጣው ጋር ታነጻጽራለህ፣ ሁለተኛውን ከሁለተኛው። ጽሑፉ በጣም አጭር ከሆነ ግን ቆጠራው እንደማያስተማምን አል-ኪንዲ ራሱ አስጠንቅቋል። ስታትስቲክስ የምትማሩ እህትና ወንድሞች የናሙና መጠን የምትሉት ነገር ይኸው ነው።

ታዲያ ይህ ዘዴ ለቮይኒች ጽሑፍ ለምን አልሠራም? የአል-ኪንዲ የመጀመሪያ ቅድመ ሁኔታ ስላልተሟላ ነው፤ ቋንቋው አይታወቅም። ቆጠራው ግን ባዶ እጁን አልተመለሰም። አንዳንድ ምልክቶች ከሞላ ጎደል በቃል መጀመሪያ ብቻ፣ ሌሎቹ በመጨረሻ ብቻ ይመጣሉ። አንድ ቃል ሁለትና ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የሚደጋገምበት ቦታ አለ። ከአንድ ምልክት ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት ከምናውቃቸው የአውሮፓ ቋንቋዎች ይልቅ በጣም ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ፕሬስኮት ከሪየር የተባለ አሜሪካዊ በመጽሐፉ ውስጥ ሁለት የተለያዩ የአጻጻፍ ባሕርያት እንዳሉ አሳየ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የጃፓንን ምስጢር የሰበረው ቡድን መሪ ዊልያም ፍሪድማን ዓመታት ፈጅቶበት የደረሰበት ግምት፣ ይህ ሰው ሠራሽ ቋንቋ ለመፍጠር የተደረገ ሙከራ ነው የሚል ነበር። ግምት ነው፤ እርሱም ከዚያ በላይ አላስኬደውም። እንዲህ ያለ ባለሙያ ያቆመበት ቦታ ላይ ማቆም አያሳፍርም።

ባዶ የሆነ ጽሑፍ መኖሩንም እናውቃለን። ጣልያናዊው ሠዓሊ ሉዊጂ ሴራፊኒ እ.ኤ.አ. በ1981 ሚላኖ ላይ ኮዴክስ ሴራፊኒያኑስ የተባለ በሥዕል የተሞላ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። የሌለ ዓለም ኢንሳይክሎፒድያ ነው፤ ጽሑፉም በፈጠራ ፊደል ነው። ሰዎች ለዓመታት ሊፈቱት ታገሉ። የገጽ ቁጥሮቹን አሠራር ደርሰውበታል፤ ጽሑፉን ግን አልቻሉም። በ2009 ሴራፊኒ ራሱ ኦክስፎርድ ላይ ጽሑፉ ምንም ትርጉም እንደሌለው ተናገረ። ማንበብ ያልጀመረ ሕፃን መጽሐፍ ሲገልጥ የሚሰማውን ስሜት አንባቢው እንዲቀምሰው ፈልጎ ነው። የሚያምርና ሥርዓት ያለው ፊደል ሁሉ መልእክት አለው ማለት አይደለም።

ፊደል የሚፈጥር ሁሉ ግን ሊሰውር አይፈጥርም። ከሐረርጌ ዑለማዎች አንዱ የሆኑት ሸይኽ በክሪ ሳጳሎ እ.ኤ.አ. በ1956 ለኦሮምኛ ቋንቋ አዲስ ፊደል ፈጠሩ። የዐረብኛውም ሆነ የግዕዙ ፊደል የኦሮምኛን ድምፆች በትክክል አይዝም ብለው ነው። ለደረሶቻቸው አስተማሩት፤ የወቅቱ ባለሥልጣናት እንዳይስፋፋ ከለከሉት። ዛሬ ያንን ፊደል ለማያውቅ ሰው አንዲት ገጽ ብታሳዩት እንደ ቮይኒች እንግዳ ይሆንበታል። ልዩነቱ፣ ሸይኹ ቁልፉን ለሰው ሁሉ ለመስጠት መድከማቸው ነው።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ ስለ አሊፍ ላም ሚም ታነሳላችሁ ብለን እንጠብቃለን። ሃያ ዘጠኝ ሱራዎች በእነዚህ የተነጣጠሉ ፊደሎች ይጀምራሉ፤ ፊደሎቹ በድምሩ አሥራ አራት ናቸው። ከሰለፎች ብዙዎቹ ትርጉማቸውን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው ብለው አልፈዋል፤ ሌሎች ዑለማዎች ደግሞ ጥበባቸውን ለማስረዳት ሞክረዋል። ነገር ግን ቁርኣንን ከእነዚህ መጻሕፍት ጎን ማሰለፍ ስህተት ነው። ቁርኣን በግልጽ ዐረብኛ የወረደ፣ ሐላልና ሐራሙ የታወቀ መጽሐፍ ነው። ከሙቀጠዓቱ የምንወስደው አዳብ ነው፤ ታላላቆቹ ሙፈሲሮች በማያውቁት ቦታ «አላሁ አዕለም» ብለው ብዕራቸውን አንስተዋል።

አሁን ወደ ዶርማችን እንመለስ። የፈተና ሰሞን ትራስ ሥር ወይም አንገት ላይ የሚገኝ፣ በቆዳ የተሰፋ ነገር አለ። ሁላችንም አይተናል። አንድ ወንድማችን የእርሱን ፈትቶ አሳየን። ውስጡ አራት ማዕዘን ሰንጠረዥ፣ ቁጥሮች፣ ጫፋቸው ክብ የሆነ መስመሮች፣ በየመሐሉ ዐረብኛ የሚመስል ግን ዐረብኛ ያልሆነ ቃል ነበረው። ዐረብኛ የሚያነቡ ሦስት ልጆች ሞከሩ፤ አልተቻለም። «የማይነበበው ኃይለኛ ስለሆነ ነው» አለን ወንድማችን። ከፍሎበታል፤ እናቱም አምናበት ነው የሰጠችው፤ ስለዚህ ማንም አልሳቀበትም።

ከቁርኣን ብቻ የተጻፈን ማንጠልጠል በተመለከተ ዑለማዎች ከሰሐባ ዘመን ጀምሮ ተለያይተዋል፤ ወደዚያ ክርክር አንገባም። ስለማይታወቀው ጽሑፍ ግን ንግግራቸው ግልጽ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰሐቦች በጃሂሊያ ይጠቀሙበት የነበረውን ሩቅያ እንዲያቀርቡላቸው ጠይቀው ሺርክ እስከሌለበት ድረስ ፈቅደዋል፤ ሐዲሡ ሶሒሕ ሙስሊም ውስጥ አለ። ልብ በሉ፣ መጀመሪያ አቅርቡልኝ ነው ያሉት። ሐፊዝ ኢብኑ ሐጀር በፈትሑል ባሪ ዑለማዎች የተስማሙባቸውን ሦስት ቅድመ ሁኔታዎች ጠቅሰዋል፦ በአላህ ንግግር ወይም በስሞቹና በባሕርያቱ መሆኑ፣ በዐረብኛ ወይም ትርጉሙ በሚታወቅ ቋንቋ መሆኑ፣ በራሱ ይጠቅማል ተብሎ አለመታመኑ። ሁለተኛዋን ደግማችሁ አንብቧት። ኢማም ማሊክም በእንግዳ ቋንቋ ስሞች ስለሚደረግ ሩቅያ ሲጠየቁ፣ ኩፍር ቢሆንስ በምን ታውቃለህ የሚል መልስ እንደሰጡ ተላልፏል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአይሁዶች ጽሑፍ የሚመጣላቸውን ደብዳቤ በተመለከተ ያደረጉትንም እናስታውስ። ወጣቱን ዘይድ ኢብኑ ሣቢትን (ረ.ዐ.) ጽሑፋቸውን እንዲማር አዘዙት። በግማሽ ወር ተምሮ ያነብላቸውና ይጽፍላቸው ጀመር።

ወንድማችን ወረቀቱን ምን እንዳደረገው እዚህ አንጽፍም፤ የእርሱ ጉዳይ ነው። ከእናቱ ጋር በስልክ ረጅም ሰዓት እንዳወራ ግን እናውቃለን፤ ተቆጥታ ነበር፣ በኋላ ላይ አያተል ኩርሲን አብረው በስልክ እንደቀሩ ነግሮናል።

ለሚቀጥለው ሐለቃ ሥራ አለን። ከዚህ ጋዜጣ አንድ ገጽ ምረጡና እያንዳንዱ ቃል በየትኛው ፊደል እንደሚጀምር ቁጠሩ። ፊደላችን ከ230 በላይ ቅርጾች ስላሉት ከአል-ኪንዲ ይልቅ ብዙ ትደክማላችሁ። «የ» እና «በ» ከፊት ይሆናሉ ብለን እንገምታለን፤ ውጤታችሁን ይዛችሁ ስትመጡ እናያለን ኢንሻአላህ። ከዚያ አንድ አንቀጽ በምስጢር ጽፈን እንሰጣችኋለን። በአማርኛ መሆኑን ከወዲሁ ነግረናችኋል።