ያለ ደመወዝ የተሸከምነው አማና



ዛሬ ላነሳው የፈለግኩት ጉዳይ በመካከላችን ብዙም ሲወራ የማይሰማ ነው። ስለ አንድ ከተማ፣ ስለ አንድ ዓሊም ወይም ስለ አንድ በሽታ ማወቅ ስንሻ ስልካችንን አውጥተን እንፈልጋለን። ከሚመጡልን ገጾች አንዱ ብዙውን ጊዜ የውክፔዲያ ነው። ‹‹ይህን የጻፈው ማን ነው?›› ብለን የምንጠይቅ ግን ጥቂቶች ነን። ጸሐፊው ደመወዝተኛ አይደለም። እንደ እኔ ቀን በሥራው ውሎ ማታ ከዒሻ ሶላት በኋላ ለዚሁ የሚቀመጥ ፈቃደኛ አርታዒ ነው።

ይህ የእውቀት መዝገብ እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2001 በጂሚ ዌልስና በላሪ ሳንገር ተጀመረ። ማንም ገብቶ ይጽፍበታል፤ ሌላው የጻፈውንም ያርማል። የእንግሊዝኛው ክፍል ዛሬ ከ7 ሚሊዮን በላይ መጣጥፎች ሲኖሩት የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ነው። የአፋን ኦሮሞው ከዚያም በእጅጉ ያንሳል። ታዲያ የእኛ ትንሽ ስለሆነ ኃላፊነቱም ትንሽ ነው የሚል ካለ ነገሩን ገልብጦ አይቶታል። በእንግሊዝኛው አንድ ስህተት ቢገባ የሚያየው ዓይን ብዙ ነው። በአማርኛው ግን እኔ ዛሬ ማታ የተሳሳትኩትን ለዓመታት የሚያርም ላይገኝ ይችላል።

የተወለድኩት ሲሬ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት የሚጓዝ ሰው ባኮን አልፎ ነቀምት ሳይደርስ የሚያገኛት፣ በምሥራቅ ወለጋ የሲቡ ሲሬ ወረዳ ከተማ ናት። የአርታዒነትን ሥራ ስጀምር ‹‹የአገሬን ገጽ ማን ከእኔ በላይ ይጽፋል?›› ብዬ ነበር። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ያሰፈርኩት የሕዝብ ቁጥር የሌላ ሲሬ ሆኖ ተገኘ! አርሲ ውስጥ ሲሬ የሚባል ወረዳ አለ። የትግራዩን ሽሬ ደግሞ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ‹‹ሲሬ›› እያለ ነው የጻፈው። ስለዚህ አንድ ሰው በአሮጌ መጽሐፍ ‹‹ሲሬ›› የሚለውን አይቶ ወለጋ ላይ ቢለጥፈው የእኛ ከተማ ያላየችውን ታሪክ ተሸክማ ትቀራለች። የነቀምት ስም እንኳ አንዱ ጋ ነቀምት፣ ሌላው ጋ ነቀምቴ፣ በድሮ ጽሑፍ ደግሞ ለቀምት ሆኖ ይገኛል። አርታዒው አንዱን መርጦ ሌሎቹን ወደዚያ መምራት አለበት። አለዚያ ስለ አንድ ከተማ ሦስት ገጽ ይከፈታል። ይህ የአርታዒ የዕለት ሥራ ነው፤ አሰልቺ ነው፤ የሚያመሰግንበትም የለም።

ቁጥሩን በማግስቱ አረምኩት። ሁለተኛው ስህተቴ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታረም አልሆነም።

በልጅነቴ ቁርኣን ያቀሩኝ፣ እንደ አባት የማያቸው አንድ ሐጂ አሉ። የመስጊዳችን ቦታ እንዴት እንደተገኘና ማን እንደሰጠው ብዙ ጊዜ አጫውተውኛል። እኔም የሰማሁትን በአራት መስመር ገጹ ላይ አሰፈርኩ። ምንጭ አልጠቀስኩም። ሐጂ ነገሩኝ ማለት ለእኔ ከምንጭ በላይ ነበር። ከወር በኋላ ከሲሬ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋዩ ሌላ ሽማግሌ ናቸው፤ የልጃቸው ልጅ በስልኩ አንብቦላቸዋል።

‹‹ልጄ፣ አባቴን ከታሪኩ ያወጣኸው አንተ ነህ?›› አሉኝ።

‹‹አባባ፣ እኔ እኮ የሰማሁትን ነው የጻፍኩት፤ እርስዎን ለማስቀየም አይደለም›› አልኳቸው።

‹‹የሰማኸውን ጻፍክ፤ ደግ። እኔ ግን በሕይወት አለሁ። ለምን እኔን አልጠየቅክም?››

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። መጀመሪያ ያሰብኩት የእሳቸውንም ቃል ጨምሬ ማስታረቅ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ሁለቱም ወሬ ነው። አንዱን ወሬ በሌላ ወሬ ማረቅ ስህተቱን ሁለት ያደርገዋል። የመዝገቡ ደንብ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ታትሞ የወጣና ሌላ ሰው ሊያመሳክረው የሚችል ምንጭ ከሌለ አይጻፍም። ስለዚህ አራቱንም መስመር አነሳሁ። ምክንያቱንም በውይይት ገጹ ላይ አሰፈርኩ። በዚህ ጊዜ ደግሞ ሐጂ ተቀየሙኝ። ‹‹የእኔ ቃል ታጥቦ ተደፋ›› ማለታቸውን ሰማሁ። በዒድ ስደውልላቸው ሰላምታቸው አጭር ነበር።

እኛ ሙስሊሞች ይህን ትምህርት ከሌላ መማር ባላስፈለገን ነበር። ሱረቱል ሑጁራት በ6ኛው አንቀጹ ወሬ ሲመጣ አጣሩ ይለናል። የሐዲስ ዑለሞች የአንድን ዘገባ ሰንሰለት ሲመረምሩ የተናጋሪውን ደግነት ብቻ አልነበረም የሚያዩት። ሌሊቱን በሶላት የሚያነጋ ሰው እንኳ ማስታወሱ ደካማ ከሆነ ዘገባውን አይቀበሉም ነበር። ሐጂን ማክበርና የሐጂን ወሬ ማጣራት የሚጋጩ አይደሉም። እኔ ነበርኩ ያጋጨኋቸው።

ኒያ ጥሩ ከሆነ ይበቃል የሚሉ ወንድሞች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታወቀውን የስኮትላንድ ቋንቋ ጉዳይ ያስቧል። አንድ አሜሪካዊ ወጣት ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ቋንቋውን ሳይችል ከ20 ሺህ በላይ መጣጥፎችን ጽፎበት ተገኘ። ልጁ ክፋት አልነበረውም፤ እየረዳሁ ነው ብሎ ያምን ነበር። ያንን ያነበበ ሁሉ ግን የስኮትላንድን ቋንቋ የተበላሸ እንግሊዝኛ አድርጎ ሳለ። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ ሰው የሥራ ባልደረባውን ለማሳቅ ብሎ፣ ጆን ሲገንታለር የተባሉትን አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በፕሬዚዳንት ኬኔዲና በወንድማቸው ግድያ ተጠርጥረው ነበር ብሎ ጻፈ። ሐሰቱ አራት ወር ገደማ ሳይነካ ተቀመጠ። አንዱ በቅንነት፣ ሌላው በቀልድ ጻፈ። የተጻፈበት ሰው ግን ያው ተጎጂ ነው።

ስለ አስተዳዳሪዎቹ አንድ ቃል ልበል። ገጽ የመሰረዝ፣ የመቆለፍና ሰው የማገድ ሥልጣን ያላቸው ከአርታዒያኑ መካከል የሚመረጡ ናቸው። የእንግሊዝኛው ክፍል ሰዎች ለዚህ ሹመት ምልክት ያደረጉት የወለል መወልወያ ነው! በየማኅበራችን ለሊቀ መንበርነት የምንሻማ ሁሉ ብናየው አይከፋም።

ይሁን እንጂ በደንቡ ላይ ቅሬታ የለኝም ማለት አይደለም። ‹‹ታትሞ የወጣ ምንጭ›› የሚለው መጽሐፍ ለሞላው አገር ቀላል ነው። የወለጋ ሙስሊሞች ታሪክ ግን አብዛኛው በሽማግሌዎች አንደበት ነው ያለው፤ ሽማግሌዎቹም በየዓመቱ ያልፋሉ። አካባቢውን የሚያውቀው ሰው ሌላም ችግር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ወራት በምዕራብ ኦሮሚያ ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ፣ የሚያውቁት ሰዎች የሚጻፍባቸውን ማየትም አይችሉም ነበር። እኛ አዲስ አበባ የተቀመጥነው ግን እንደ ልባችን እንጽፍ ነበር። እንደዚያም ሆኖ ደንቡን አልጥልም። ደንቡ ባይኖር ኖሮ የመስጊዳችን ታሪክ ዛሬ ማታ ቀድሞ ኮምፒውተር የከፈተው ሰው ይሆን ነበር።

ያለን መንገድ አንድ ነው ብዬ አምናለሁ። የአንደበቱን ታሪክ መጀመሪያ በሚገባ ሰብስቦ ማሳተም፣ ከዚያ ወደ መዝገቡ ማምጣት ነው። ነቀምት እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት። ለታሪክ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ጉዳይ በየመስጊዱ በር ተቀምጧል።

እኔም ባለፈው ክረምት ሲሬ ሄጄ ሐጂን ቁጭ ብዬ ቀረጽኳቸው። ከተቆጡኝ ወዲህ እንደዚያ ብዙ ሰዓት አውርተንም አናውቅ። ሁለተኛው ሽማግሌ አሟቸው ስለነበር ለሚቀጥለው ጊዜ ተቀጣጥረናል። ስለ መስጊዱ ገጹ ላይ እስካሁን አንድም ቃል የለም። ያነሳኋቸው አራት መስመሮች ግን በገጹ የቀድሞ ቅጂዎች ውስጥ፣ ከስሜና ከጻፍኩበት ሰዓት ጋር፣ ፈልጎ ለሚያይ ሁሉ ዛሬም ይነበባሉ።