ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከኃይል ማመንጫ ጭስ መያዝ፦ ወጪውና ተግባራዊ ፈተናዎቹ ከያዩ እስከ ጋምቤላ ባለው የባሮ ተፋሰስ ሲመዘኑ

መግቢያ

የባሮ ወንዝ የሚፈጠረው የገባና የብርብር ወንዞች በኢሉባቦር ምድር ሲገናኙ ነው። ከዚያ ወደ ምዕራብ ቁልቁል ወርዶ በጋምቤላ ከተማ ያልፍና በኢታንግ በኩል ዘልቆ ከፒቦር ጋር ሲቀላቀል የሶባትን ወንዝ ያስገኛል። የገባ ወንዝ በሚያልፍበት በያዩ አካባቢ የድንጋይ ከሰል ክምችት አለ። በ2004 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው የያዩ የማዳበሪያ ፋብሪካ በዚህ ከሰል ላይ የተመሠረተ ነበር። ዕቅዱ በዓመት 300,000 ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካንና 90 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የከሰል ኃይል ማመንጫን ያካትታል። ሥራው በታቀደለት ጊዜ አልተጠናቀቀም።

እንዲህ ያለ ዕቅድ ዳግም በተነሳ ቁጥር አንድ መከራከሪያ አብሮ መነሳቱ አይቀርም፤ ይኸውም «ከሰሉን እንጠቀም፣ ጭሱን በቴክኖሎጂ እንይዘዋለን» የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ መከራከሪያውን በቁጥር ይመዝናል። የያዩ ማመንጫ በዕቅዱ መሠረት ቢሠራ ጋዙን መያዝ ምን ያህል ኃይልና ገንዘብ ይጠይቃል? የተያዘው ጋዝስ የት ይቀበራል? ከወንዙ በታች ያለው የጋምቤላ ሕዝብ በዚህ ውስጥ ምን ድርሻ ይኖረዋል? የሚሉትን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ያያል።

የቴክኖሎጂው አሠራር

በስፋት የሚታወቀው ዘዴ ከቃጠሎ በኋላ ጋዙን በአሚን ውህድ መምጠጥ ነው። ጭሱ ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደሚደርስ ሙቀት ከቀዘቀዘ በኋላ ወደ መምጠጫ ማማ ይገባል። ከላይ የሚወርደው አሚን ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይይዛል፤ ናይትሮጂኑና ሌላው ጋዝ ወደ አየር ይወጣል። ጋዙን የያዘው ፈሳሽ ወደ ሁለተኛ ማማ ተወስዶ 120 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይለቃል፤ አሚኑም ወደ ሥራው ይመለሳል። የተለቀቀው ጋዝ ከ100 ባር በላይ በሆነ ግፊት ታምቆ በቧንቧ ይጓጓዝና አብዛኛውን ጊዜ ከ800 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው የአለት ንጣፍ ውስጥ ይቀበራል። የአሚን ዘዴ መሠረታዊ የፈጠራ መብት እ.ኤ.አ. በ1930 የተሰጠ በመሆኑ ኬሚስትሪው አዲስ አይደለም። አስቸጋሪው ዘዴውን በትልቅ መጠን፣ በዝቅተኛ ወጪና ያለማቋረጥ ማሠራት ነው።

ወጪውን በዋናነት የሚወስነው የጋዙ ክምችት ነው። በከሰል ማመንጫ ጭስ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ12 እስከ 15 በመቶ ይይዛል፤ በተፈጥሮ ጋዝ ተርባይን ጭስ ውስጥ ከ3 እስከ 5 በመቶ ብቻ ነው። በአንጻሩ በአሞኒያ ማምረቻ ሂደት ጋዙ ቀድሞውኑ ተለይቶና ከሞላ ጎደል ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። የዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ግምት ልዩነቱን ያሳያል። ክምችታቸው ከፍተኛ ከሆኑ ምንጮች አንድ ቶን ለመያዝ ከ15 እስከ 25 ዶላር ሲበቃ፣ ከኃይል ማመንጫና ከሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ ለመያዝ ከ40 እስከ 120 ዶላር ያስፈልጋል። የማጓጓዣና የመቅበሪያ ወጪ ከዚህ በላይ የሚታሰብ ነው።

የያዩ ስሌት

ባለ 90 ሜጋ ዋቱ ማመንጫ በዓመት 85 በመቶ የሚሆነውን ጊዜ ቢሠራ 670,000 ሜጋ ዋት ሰዓት ገደማ ያመርታል። አነስተኛ የከሰል ማመንጫ ለአንድ ሜጋ ዋት ሰዓት አንድ ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚለቅ ቢወሰድ ዓመታዊ ልቀቱ 670,000 ቶን ይሆናል። ከዚህ 90 በመቶው ቢያዝ የተያዘው 600,000 ቶን ነው።

አንድ ቶን ጋዝ ከተለመደው አሚን ለማላቀቅ 3.5 ጊጋ ጁል ያህል ሙቀት ያስፈልጋል። ለ600,000 ቶን ይህ በዓመት 2.1 ሚሊዮን ጊጋ ጁል ሲሆን፣ ማመንጫው በሚሠራባቸው ሰዓታት ሁሉ 78 ሜጋ ዋት የሚደርስ የሙቀት ኃይል ማለት ነው። ሙቀቱ የሚገኘው ተርባይኑን ከሚያዞረው እንፋሎት ላይ ተቀንሶ ስለሆነ ከ16 እስከ 18 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ ያሳጣል። ለእመቃ 8 ሜጋ ዋት፣ ለማራገቢያና ለፓምፕ ከ2 እስከ 3 ሜጋ ዋት ሲታከልበት ድምሩ 27 ሜጋ ዋት ገደማ ይደርሳል። ይህም የማመንጫው 30 በመቶ ነው። ውጤቱ የአየር ንብረት ለውጥ የመንግሥታት ፓነል እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ልዩ ሪፖርት ለአዳዲስ የከሰል ማመንጫዎች ካስቀመጠው ከ24 እስከ 40 በመቶ ከሚደርስ ተጨማሪ የነዳጅ ፍላጎት ጋር የሚቀራረብ ነው።

እዚህ ላይ «የተያዘ» እና «የተወገደ» ልቀት መለየት አለባቸው። የጎደለው 27 ሜጋ ዋት በሌላ የከሰል ማመንጫ ቢሟላ በዓመት 200,000 ቶን ተጨማሪ ጋዝ ይወጣል። በዚህም 600,000 ቶን ተይዞ ሳለ በእርግጥ የተወገደው 400,000 ቶን ብቻ ይሆናል፤ በተወገደ ቶን የሚሰላው ዋጋም በግማሽ ይጨምራል። ጉድለቱ በውኃ ኃይል ቢሟላ ግን ተጨማሪ ልቀት አይኖርም። ይሁንና ይህ አማራጭ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል፤ የውኃ ኃይል 27 ሜጋ ዋቱን መሙላት ከቻለ 90ውን የማይሞላበት ምክንያት ምንድን ነው? የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው ከውኃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው።

በገንዘብ ሲታይ ከላይ በተጠቀሰው ከ40 እስከ 120 ዶላር ስሌት ያዩን የሚመስል ማመንጫ ጋዙን ለመያዝ ብቻ በዓመት ከ24 እስከ 72 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል። አብዛኛው የመሣሪያና የኬሚካል ወጪ በመሆኑ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

ለያዩ በመጠን የሚቀርበው ምሳሌ በካናዳ ሳስካችዋን የሚገኘው የባውንደሪ ዳም ሦስተኛ ክፍል ነው። 115 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጨው ይህ ክፍል እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 ጋዝ መያዝ ሲጀምር፣ የማመንጫውን እድሳት ጨምሮ 1.5 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ያህል ወጥቶበታል። የታቀደው በዓመት 1 ሚሊዮን ቶን ለመያዝ ነበር። ከስምንት ዓመት በላይ ከፈጀ ሥራ በኋላ የተያዘው ድምር ግን 5 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነው። ለልዩነቱ ከተጠቀሱት ምክንያቶች መካከል በጭሱ ውስጥ የሚመጣው ጥቃቅን አመድና የአሚኑ መበላሸት ይገኙበታል።

በቴክሳስ የሚገኘው ፔትራ ኖቫ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር ወጪውን የሚመልሰው ጋዙን ለነዳጅ ጉድጓዶች በማቅረብ ነበር። በ2020 የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ሥራው ተቋርጦ የቀጠለው በመስከረም 2023 ነው። በሚሲሲፒ የኬምፐር ፕሮጀክት ወጪው ወደ 7.5 ቢሊዮን ዶላር ካሻቀበ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 የከሰል ክፍሉ ተትቶ ማመንጫው በተፈጥሮ ጋዝ ብቻ እንዲሠራ ተደርጓል። ከእነዚህ ፕሮጀክቶች ቴክኖሎጂው እንደሚሠራ መረዳት ይቻላል። ይሁን እንጂ ሁሉም የቆሙት በመንግሥት ድጋፍ፣ በአቅራቢያ በሚገኝ የነዳጅ ገበያ ወይም በሁለቱም ላይ ተደግፈው ነው። ሁለቱም በያዩ የሉም።

ተግባራዊ ፈተናዎች በባሮ ተፋሰስ

የመጀመሪያው ፈተና ኬሚካሉ ነው። ለአንድ ቶን ጋዝ 1.5 ኪሎ ግራም አሚን እንደሚባክን ቢታሰብ ማመንጫው በዓመት 900 ቶን ገደማ መተኪያ አሚን ከጅቡቲ ወደብ እስከ ኢሉባቦር ማጓጓዝ ይኖርበታል። የያዩ ከሰል ዝቅተኛ ደረጃ ያለውና አመዱ የበዛ በመሆኑ ጭሱ ወደ መምጠጫው ከመግባቱ በፊት አመዱና ሰልፈር ዳይኦክሳይዱ በጥንቃቄ መጣራት አለባቸው፤ አለዚያ የአሚኑ ብክነት ከዚህም ይበልጣል።

ሁለተኛው ፈተና ውኃ ነው። ጋዝ መያዝ የአንድ ከሰል ማመንጫ የውኃ ፍጆታን ወደ እጥፍ ያደርሰዋል፤ በያዩ መጠን ይህ በዓመት 2.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። ከባሮ ዓመታዊ ፍሰት ጋር ሲነጻጸር መጠኑ እጅግ ትንሽ ስለሆነ የጋምቤላ ሥጋት የውኃ ማነስ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል። አሳሳቢው የውኃው ጥራት ነው። የተበላሸ አሚን ዝቃጭና የአመድ ክምችት በክረምት ዝናብ ታጥቦ ወደ ገባ ከገባ መዳረሻው ባሮ ነው። በታችኛው ተፋሰስ የሚኖሩት የአኙዋና የኑዌር ማኅበረሰቦች ከወንዙ ዓሣ ያሠግራሉ፤ ውኃው ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ አፈር ላይ በቆሎ ይዘራሉ። የማመንጫው ጥቅም ደጋ ላይ ሲቀር የብክለቱ ዕዳ ቆላ ሊወርድ ይችላል። በያዩ ዙሪያ ያለው የዱር ቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መመዝገቡም የቦታ ምርጫውን ያጠብበዋል።

ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከብደው ፈተና የመቅበሪያ ቦታ ነው። የያዩ ከሰል የሚገኘው በእሳተ ገሞራ አለቶች መካከል በተቀመጠ ስስ ደለል ውስጥ ነው። ደለላማ ንጣፍ የሚጠበቀው ፔትሮናስ ነዳጅ በፈለገበት በጋምቤላ ቆላ ሲሆን፣ ከያዩ እስከ ጋምቤላ ከተማ ያለው መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መስመሩ ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ ቁልቁለትን ተሻግሮ ባሮ በክረምት ሞልቶ ወደሚያጥለቀልቀው ሜዳ ይደርሳል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ቧንቧ ሲፈነዳ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 በሚሲሲፒ ሳታርሺያ በምትባል መንደር አጠገብ ከባድ ዝናብ ያስከተለው የመሬት መንሸራተት አንድ ቧንቧ በጥሶ 45 ሰዎች ለሕክምና ተወስደዋል። በኢታንግ ወይም በላሬ መሰል አደጋ ቢደርስ፣ በጎርፍ ወራት አምቡላንስ የሚደርስበትን መንገድ ማግኘት ራሱ አጠያያቂ ነው።

ሌላው አማራጭ ጋዙን በውኃ አሟሙቶ ወደ ባዛልት አለት ማስገባት ነው። በአይስላንድ የካርብፊክስ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ውጤት ከ95 በመቶ በላይ የሆነው ጋዝ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ወደ ድንጋይነት ተለውጧል። የኢትዮጵያ ደጋ በባዛልት የተሸፈነ በመሆኑ ዘዴው ትኩረት ይገባዋል። ሆኖም ለአንድ ቶን ጋዝ 25 ቶን ያህል ውኃ ስለሚጠይቅ ለ600,000 ቶን በዓመት 15 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ያስፈልጋል። ይህም ከማመንጫው ፍጆታ ስድስት እጥፍ ነው።

የማዳበሪያው ጋዝ

በዚያው ፋብሪካ ውስጥ ግን የተለየ መልስ የሚሰጥ ሌላ ምንጭ አለ። 300,000 ቶን ዩሪያ 170,000 ቶን አሞኒያ ይጠይቃል። በከሰል መንገድ አንድ ቶን አሞኒያ ሲመረት ከሁለት ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተለይቶ ስለሚወጣ፣ በዓመት ከ340,000 ቶን የማያንስ ንጹሕ ጋዝ ይገኛል። ከዚህ 220,000 ቶኑ ተመልሶ ዩሪያ ውስጥ ይገባል፤ ቀሪው 120,000 ቶን ወይም ከዚያ በላይ ወደ አየር ይለቀቃል። ይህ ትርፍ አሚንም ሆነ የማላቀቂያ እንፋሎት ሳይጨመርበት በእመቃ ብቻ ሊያዝ ይችላል፤ ዓመታዊ ወጪውም ከ1.8 እስከ 3 ሚሊዮን ዶላር ነው። ወደ ባዛልት ለማስገባት 3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይበቃል። ዩሪያ ውስጥ የገባው ጋዝ ግን እንደተቀበረ ሊቆጠር አይገባም፤ ማዳበሪያው እርሻ ላይ ተበትኖ ሲፈራርስ ጋዙ ወደ አየር ይመለሳል።

ማጠቃለያ

በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአየር ንብረት ለውጥን የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአገሪቱ ልቀት ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከግብርናና ከደን የሚመነጭ እንደነበር፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ድርሻ ግን 3 በመቶ ያህል ብቻ እንደነበር ያመለክታል። በዚህ ሚዛን የከሰል ማመንጫ ገንብቶ ጭሱን ለመያዝ በዓመት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ማውጣት፣ አስቀድሞ ያልነበረን ችግር ፈጥሮ በውድ ዋጋ መፍታት ይሆናል።

ስለዚህ የያዩ ዕቅድ ዳግም ቢታሰብ ሦስት ውሳኔዎች መቅደም አለባቸው። አንደኛ፣ ኤሌክትሪኩ ከብሔራዊው መረብ እንዲገኝና የከሰሉ ማመንጫ ከዕቅዱ እንዲወጣ ወይም ለሂደቱ በሚያስፈልገው እንፋሎት ብቻ እንዲወሰን ማድረግ፤ ሁለተኛ፣ ከአሞኒያ ሂደት የሚተርፈው ጋዝ የሚታመቅበትን ሥፍራ ከንድፉ ጀምሮ ማካተትና የአካባቢውን ባዛልት የመቀበል አቅም በጉድጓድ ሙከራ ማረጋገጥ፤ ሦስተኛ፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው በፋብሪካው ዙሪያ ሳይወሰን በገባና በባሮ በኩል እስከ ኢታንግ ድረስ ያለውን የውኃ ጥራት እንዲሸፍን ማድረግ ነው። የመጨረሻው ሥራ ግንባታን መጠበቅ አያስፈልገውም። የወንዙ የዛሬ ሁኔታ በበጋና በክረምት አሁን ካልተለካ፣ ነገ የሚደርሰውን ለውጥ ለማረጋገጥ የጋምቤላ ነዋሪ ማነጻጸሪያ አይኖረውም።