ጸጋዬና ባለ ሁለት ፊደሏ ቃል

ከአድሊስቪል ወደ ዙሪክ የሚወስደው ኤስ 4 ባቡር የዚልን ወንዝ ተከትሎ ሲነጉድ፣ ልጅቷ ከስልኳ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሚከብደው ግእዝ ስለሚያበዛ ነው አይደል?»

ሽማግሌው ይህችን ጥያቄ ሲጠብቁ የኖሩ ይመስላሉ።

«ማነው እንዲያ ያለሽ? ሰውየው አምቦ አጠገብ ቦዳ ተወልዶ በኦሮምኛና በአማርኛ አፉን የፈታ ነው። ግእዙንም ተምሮታል። በእንግሊዝኛ ለጻፈው ተውኔት ርእስ ሲሻ ግን ያነሣው ‹ኦዳ›ን ነው፤ የገዳ ጉባኤ የሚቀመጥበትን ዛፍ። ይቺው ዙሪክም ምስክር አላት። የብሬሽት ተውኔት ‹እናት ኩራዥ› በ1941 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የታየው እዚህ፣ ሻውሽፒልሃውስ ቴአትር ቤት ነው። ጸጋዬ ወደ አማርኛ ሲያመጣው ‹እናት ዓለም ጠኑ› አለው። ሰው አንጀቱ ሲላወስ የሚጣራውን ‹እናታለም!› እናት ላይ ጨመረበት። ይሄ ከየትኛው መዝገበ ቃላት ይገኛል?»

የለንደኑንና የፓሪሱን የቴአትር ትምህርት፣ የብሔራዊ ቴአትሩን ዘመን፣ እስከ ኒውዮርኩ ኅልፈቱ ድረስ በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ልባቸው ያለው በ1966 ዓ.ም. በታተመው የጸጋዬ የግጥም መድበል ርእስ ላይ ነው።

«እስቲ ‹እሳት ወይ አበባ›ን በጀርመንኛ በዪልኝ።»

«ፎየር ኦደር ብሉመ።»

«ገደልሽው! ‹ወይ› እኮ ‹ሻይ ወይ ቡና› ብሎ ማስመረጫ ብቻ አይደለም። ‹መጣ ወይ?› ሲባል መጠየቂያ ነው። ‹ወይ ጉድ!› ሲባል መደነቂያ፤ ‹ወይኔ› ሲባል ደግሞ ሙሾ። ርእሱን ጮክ ብለሽ አንብቢው። ያስመርጥሻል፣ ይጠይቅሻል፣ ‹ወይ አበባ!› ብሎም ያለቅሳል። ተንታኙ ሁሉ እሳቱንና አበባውን ሲመነዝር መሐል ያለችውን ረግጧት ያልፋል። እኔ ይሄን ስንቴ ተናገርኩ! የሚሰማ የለም።»

ሁለት ጣቢያ አለፈ። ልጅቷ ተረስታለች።

«ጋሼ፣ እዚህ አገር እኮ ሰው ንግግሩን ሲጨርስ ‹ኦደር?› ይላል። ‹ዛሬ ይበርዳል፣ ኦደር?› እንደማለት። መጠየቁንማ ይችላል።»

እውነቷን ነው፤ የስዊስ ሰው አፍ ላይ ያቺ ቃል አትጠፋም። ሽማግሌው ግን በቀላሉ አይረቱም።

«ለቅሶ ላይስ ይላታል?»

«እሱስ አይልም።»

«በይ እንግዲያው! ደግሞ ግእዝ ቢያምረው ኖሮ አበባን ‹ጽጌ› ማለት አቅቶት ነው?»