በተከታታይ የደም ስኳር መለኪያ የስኳር ሕመም ቁጥጥርን መገምገም፦ ፋይዳው ለጎንደር ከተማና ለሰሜን ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች

መግቢያ

እ.ኤ.አ. በ2009 ዲያቤቶሎጂያ በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የታተመ አንድ የጎንደር ጥናት፣ በገጠር በኢንሱሊን ከሚታከሙት የስኳር ሕሙማን አብዛኞቹ ቀጫጭን፣ ድሆችና ወንዶች መሆናቸውን አመልክቷል። በሰውነቱ የተጠራቀመ ስንቅ ለሌለውና በጉልበቱ ለሚያድር ሰው ጥቂት የበዛ ኢንሱሊን ብርቱ አደጋ ነው። ስለዚህ የእነዚህ ሕሙማን የስኳር ቁጥጥር በምን ሊመዘን ይገባል የሚለው ጥያቄ ከመድኃኒቱ መጠን አይለይም።

የነባሮቹ መለኪያዎች ውስንነት

በጤና ጣቢያዎች በብዛት የሚሠራበት መለኪያ በባዶ ሆድ የሚወሰድ የጣት ደም ነው። ይህ ቁጥር የቀጠሮዋን ጠዋት ብቻ ይናገራል፤ ሌሊቱንና የእርሻውን ሰዓት አይገልጽም። ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ የተባለው ምርመራ በበኩሉ የሁለትና የሦስት ወር አማካይ ያሳያል። ሆኖም የብረት እጥረት የደም ማነስ ውጤቱን ከፍ ሊያደርገው፣ ወባ የሚያስከትለው የቀይ ደም ሕዋስ መፍረስ ደግሞ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ከዚህም በላይ አማካይ መዋዠቅን ይሸፍናል። 7 በመቶ ውጤት በግምት ከ154 ሚሊግራም በዴሲሊትር አማካይ ጋር እኩል ነው፤ ነገር ግን ስኳሩ ቀኑን ሙሉ በዚያው አካባቢ የሚረጋ ሰውና በ50 እና በ300 መካከል የሚዋልል ሰው አንድ ዓይነት ውጤት ሊኖራቸው ይችላል።

የተከታታይ መለኪያው አሠራር

መሣሪያው በላይኛው ክንድ ላይ ይለጠፋል፤ ከቆዳ ሥር በሚገባ ቀጭን ክር አማካይነትም በሕዋሳት መካከል ባለው ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ስኳር ይለካል። በየ15 ደቂቃው የሚመዘግበው ዓይነት በቀን 96፣ በ14 ቀናት 1,344 ልኬቶችን ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ስምምነት፣ ለአብዛኞቹ አዋቂ ሕሙማን ከ70 እስከ 180 ባለው ክልል የሚቆዩበት ጊዜ ከ70 በመቶ እንዲበልጥ፣ ከ70 በታች የሚወርዱበት ደግሞ ከ4 በመቶ እንዲያንስ ይመክራል። አራት በመቶ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ነው። ለስኳር መውረድ ይበልጥ ለተጋለጡ ሰዎች ወሰኑ 1 በመቶ፣ ማለትም ሩብ ሰዓት ገደማ ይሆናል።

ውይይት

የአካባቢው አኗኗር ለዚህ ዓይነቱ ዝርዝር መረጃ ልዩ ትርጉም ይሰጠዋል። ኤን.ፒ.ኤች. የተባለው ኢንሱሊን ኃይሉ የሚበረታው ከተወጋ ከአራት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መርፌውን ወስዶ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ ገበሬ፣ መድኃኒቱ በሚበረታበት ሰዓት ሆዱ ባዶ ነው፤ ምናልባትም ሞፈር ይዞ ይሆናል። ሕሙማን ከጾሙ ሥርዓት ነጻ ሊደረጉ ቢችሉም ብዙዎች መጾምን ይመርጣሉ። መውረዱ ያስደነገጠው ሰው በራሱ ፈቃድ መርፌውን ሲቀንስ የቀጠሮው ጠዋት ልኬት ከፍ ይላል፤ ያንን ብቻ የተመለከተ ባለሙያም መጠኑን ይጨምራል። እንዲህ ያለው አዙሪት የሚገለጠው ሰዓት በሰዓት በተመዘገበ ልኬት ነው።

መሣሪያው ግን እንከን አልባ አይደለም። የፈሳሹ ስኳር ከደም ስኳር በደቂቃዎች ዘግይቶ ይለወጣል፤ በጣም ዝቅተኛ በሆነ መጠን ላይ የልኬቱ ትክክለኛነት ይቀንሳል፤ ዋጋውም ውድ ነው። ንባቡን ለባለሙያ ብቻ የሚያስቀምጠው ዓይነት ስልክ የሌለውን ሕመምተኛ ሊያገለግል ቢችልም፣ ስኳሩ በሚወርድበት ቅጽበት አያስጠነቅቅም።

መደምደሚያ

ለሁሉም ሕመምተኛ ዘወትር መሣሪያ ማቅረብ ባይቻልም፣ ለተመረጡ ሕሙማን በጾምና በእርሻ ወቅት ለ14 ቀናት መጠቀም የኢንሱሊን መጠንን ለመወሰን ይረዳል። ልኬቱ ሲተረጎም በመጀመሪያ ከ70 በታች ያሉት ሰዓታት ሊታዩ ይገባል፤ ከፍ ያለውን ስኳር ማውረድ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። መሣሪያው በማይገኝበት ጤና ጣቢያም ቢሆን ሕመምተኛው ኢንሱሊኑን በስንት ሰዓት እንደሚወጋና በስንት ሰዓት እንደሚመገብ መጠየቅ ወጪ የለውም።